እንግዳና ዋጋው፤ በወረርሽኝ ጊዜ የነዋሪዎችን አሳብ በገንዘብ ስለ መመዘን

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በውጭ አገር የዩኒቨርሲቲ መጽሔቶች ላይ አንድ ዓይነት ጥናት በዝቶ ይታያል። ጥናቱ የሚጠይቀው ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ነው። ጎብኚ ወደ አንድ አገር ሲመጣ ለባለሆቴሉ፥ ለነጋዴውና ለመንግሥት ግምጃ ቤት ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ከገንዘቡ ጋራ ሁካታን፥ የኑሮ ውድነትን፥ የልማድ መናጋትን፥ በወረርሽኝ ጊዜም በሽታን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ይህን ሁለተኛውን ዕዳ የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ከገንዘቡ ምንም ያልደረሰው የአገሩ ነዋሪ ነው። እንግዲያስ ነዋሪው ይህ ዕዳ እንዲቀልለት ከኪሱ ምን ያህል ቢከፍል ይወዳል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህ ጥያቄ በአገራችን፥ ይልቁንም በጎጃም ደጋ ባለችው በአማኑኤል ከተማ ቢጠየቅ ምን መልስ እንደሚያገኝ ነው፤ ከመልሱም በፊት ጥያቄው ራሱ በዚያ ምን ትርጉም እንደሚኖረው ነው።

በዚህ ነገር ከተጻፉት ሁሉ ስሙ አዘውትሮ የሚጠራው ቺዩ፥ ፓርክ፥ ሊ እና ሶንግ የተባሉ አራት መምህራን በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2020 «አናልስ ኦቭ ቱሪዝም ሪሰርች» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ነው። ጥናቱ የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ገና ትኩስ በነበረበት ወራት በሦስት የቻይና ከተሞች፥ በሆንግ ኮንግ፥ በጓንግዡና በዉሃን ነዋሪዎች ላይ የተደረገ ነው። አጠያየቁም እንዲህ ነው፤ ለተጠያቂው አንድ የገንዘብ ልክ ይነገረዋል፥ ከጎብኚ የሚመጣው የበሽታ አደጋ እንዲቀንስ ያን ያህል ይከፍል እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ እሺ ቢል ከፍ ያለ፥ እምቢ ቢል ዝቅ ያለ ልክ ይቀርብለታል፤ እንዲህ እየተባለ እስከ ሦስት ጊዜ ይደረሳል። ከሁሉም መልስ ተነሥቶ በስሌት አማካይ ዋጋ ይወጣል፤ ያም ዋጋ ቱሪዝም በወረርሽኝ ጊዜ በኅብረተሰቡ ላይ የሚጭነው ወጪ ነው ይባላል። በውጤቱም ከነዋሪዎቹ የሚበዙት ለመክፈል ፈቃደኞች ሆነው ተገኝተዋል፤ የፈቃዳቸው ልክ ግን ከከተማ ከተማ ይለያያል።

ይህን ሥራ ለመንቀፍ ከመነሣታችን በፊት ምስጋና የሚገባውን ማመስገን ይገባናል። በዚያ ዘመን በዓለም ሁሉ ስለ ቱሪዝም የተጻፈው ጽሑፍ ከጥቂቱ በቀር የባዶ ሆቴሎችን አልጋና የቆሙትን አውሮፕላኖች የሚቈጥር ነበር። ከተጎጂዎች መካከል የአገሩን ነዋሪ አስቀድሞ የጠራ፥ እርሱም ሊያዝንና ሊፈራ መብት እንዳለው አምኖ አሳቡን የጠየቀ ሥራ ብርቅ ነበርና፥ አራቱ መምህራን በዚህ ክብር ይገባቸዋል። ደግሞም ጥናታቸውን ያደረጉት ሕዝቡ በመንግሥት ግብር፥ በሆስፒታልና በከተማ አስተዳደር ለረዥም ጊዜ የተደራጀ በሆነባቸው ታላላቅ ከተሞች ነው። በዚያ «ብከፍል ገንዘቤ ለዚህና ለዚህ ይውላል» ብሎ ማሰብ ይቻላል። የምንነቅፈው ጥናቱን ሳይሆን ጥናቱን እንደ ሚዛን አንሥቶ ወደየትም አገር ተሸክሞ መሄድን ነው። ይህን የሚያደርጉ ደግሞ በእኛም ዘንድ አልጠፉም፤ ይህ ጸሐፊም በባሕር ማዶ ሲማር ሚዛኑን ይዞ ለመመለስ አስቦ ከነበሩት አንዱ ነው።

የመጀመሪያው እንቅፋት በቃሉ ላይ ነው። የጥናቱ ቃል «ቱሪስት» ይላል፤ አማርኛችን በዚህ ፈንታ ብዙ ቃላት አሉት፥ አንዳቸውም ከሌላው ጋራ አይተካኩም። «እንግዳ» ማለት ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ያለ ሰው ነው፤ ይህን ቃል ከተናገረ በኋላ ባለቤቱ ሊያሳድረው ግዴታ እንዳለበት ራሱ ባለቤቱ ያውቃል። «መንገደኛ» ማለት የሚያልፍ ነው፤ ውሃ ይጠጣል፥ መንገድ ይጠይቃል፥ ይሄዳል። «ባዳ» የዘመድ ተቃራኒ ነው፤ «መጤ» ደግሞ መጥቶ የቀረ፥ ስለ መቅረቱም የሚጠረጠር ነው። «ፈረንጅ» የታወቀ ነው። «ጎብኚ» የሚለው ቃል ለቱሪስት የተሰጠው በቅርብ ጊዜ ነው፤ በቀድሞው ትርጉሙ መጎብኘት የታመመን፥ የታሰረን፥ ያዘነን ዘመድ ሄዶ ማየት ነበርና፥ ሕመምተኛን የሚጠይቀው ሰውና በሽታን ያመጣል ተብሎ የተፈራው ሰው በአንድ ቃል መጠራታቸውን ያላስተዋለ ጠያቂ ከተጠያቂው ጋራ ሳይግባባ ይለያያል።

አሁን ወደ አማኑኤል እንሂድ። አማኑኤል የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው አውራ መንገድ መካከሏን ሰንጥቆ ያልፋል። የጮቄ ተራራ በስተ ምሥራቋ ነው። እንደ ላሊበላ ወይም እንደ ጎንደር የታወቀ የጉብኝት ስፍራ አይደለችም፤ እርግጥ ነው፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2022 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄ ተራሮችን የተፈጥሮ መንደር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ቈጥሮታልና የፈረንጅ እግር ወደ አካባቢው መድረሱ አልቀረም። ነገር ግን የአማኑኤልን ሰው «በከተማችሁ የሚያልፈው ባዕድ ማን ነው?» ብንለው አስቀድሞ የሚታሰበው ፈረንጁ አይመስለንም። አስቀድሞ የሚታሰበው ከአውቶቡስ ወርዶ ምሳውን በልቶ የሚያልፈው መንገደኛ ነው፤ ከእርሱም ጋራ የከባድ መኪና ነጂና ረዳቱ፥ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፥ ለንግሥ የሚመጣው ተሳላሚ፥ ከሁሉም በላይ ከአንዱ የቅኔ ቤት ወደ ሌላው የሚዘዋወረው የቆሎ ተማሪ ይታሰባሉ።

በቆሎ ተማሪው ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ምክንያቱም የጎጃም ደጋ ያለ እርሱ የጎጃም ደጋ አይሆንም። ከዋሸራ፥ ከጎንጅ፥ ከዲማና ከደብረ ኤልያስ የወጡት ሊቃውንት ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ በባዕድ መንደር ደጃፍ ላይ ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ያሉ ናቸው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በአንድ እጁ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። መንደሩ ይህን ልጅ የሚመግበው ስለ ወደደው ብቻ አይደለም፤ የራሱም ልጅ በዚያው ሰዓት በሌላ መንደር ደጃፍ ላይ ስለ ቆመ ነው። እንግዲህ ይህ የወጪና የገቢ መዝገብ ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ በአንድ ከተማ ውስጥ አይዘጋም፥ በአንድ ትውልድም ውስጥ አይዘጋም። በወረርሽኝ ጊዜ ይህ ልጅ በደጅ ሲቆም «እንዳይመጣ ስንት ትከፍላለህ?» ተብሎ የሚጠየቀው ባለቤት የሚመልሰው መልስ በየትኛው ዓምድ ላይ ይጻፋል?

በሌላ በኩል ግን የአገራችንን እንግዳ ተቀባይነት እያወደሱ ብቻ መጻፍ ሌላ ስሕተት ነው፤ በመጽሔቶቻችን ላይ ይህ ውዳሴ በዝቷል። እንግዳ ሁልጊዜ በፈቃድ የተቀበልነው አልነበረም። በቀድሞ ዘመን ንጉሡ ወይም የአገሩ ገዥ መንገድ የከፈተለት እንግዳ በየሰፈሩ «ድርጎ» ይቈረጥለት ነበር፤ እንጀራው፥ ማሩ፥ በጉና ጠላው የሚወጣው ከባላገሩ ጎተራ ነው። ከዚህ የባሰው «ተሰሪ» ነበር፤ ወታደር በባላገር ቤት እየተመራ ገብቶ ከነበቅሎው ከርሞ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ባላገሩ ደጁ ላይ የሚቆመውን እንግዳ በሁለት ዓይን ማየትን ተምሯል፤ አንደኛው የእግዜር ነው፥ ሁለተኛው የመንግሥት ነው። ለመጀመሪያው ሳይጠየቅ ይሰጣል፤ ለሁለተኛው ተጠይቆም እያጉረመረመ ይሰጣል፥ ማጉረምረሙን ግን ለጠያቂው አይገልጥም።

የጎጃምን አገር ለማየት ብለው ከመጡት ፈረንጆች በስመ ጥርነት የታወቀው ጀምስ ብሩስ ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በኅዳር ወር 1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ የግሽ ቀበሌ ራሷ ከንጉሡ ተሰጥታው ነበር፤ ማለት ጎብኚው ሊያያት ለሄደባት መንደር ጌታዋ ሆኖ ነው የገባ። ይኸው ሰው በዚያው ዓመት አስቀድሞ ጎንደር ሲገባ የፈንጣጣ ወረርሽኝ ስለ ነበረ፥ በቍስቋም የታመሙትን የመኳንንት ልጆች ሲያስታምም ቆይቷል። ጎብኚውና ወረርሽኙ በአንድ ታሪክ ውስጥ ተገናኝተዋል፤ ዳሩ ግን በዚህኛው ጊዜ እንግዳው በሽታን ያመጣ ሳይሆን በሽታን ያከመ ነበር። ይህን ያመጣነው ስለ ብሩስ ለማውራት አይደለም፤ «ነዋሪው ጎብኚውን እንዴት ያየዋል?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን «ጎብኚውን የላከው ማን ነው?» ከሚለው ተለይቶ እንደማይታይ ለማመልከት ነው።

እነሆ ወደ 2012 ዓ.ም. እንመለስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ፤ ሰውየው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የጃፓን ዜጋ ነበረ። ከአምስት ቀን በኋላ፥ መጋቢት 9 ቀን፥ በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ የውጭ አገር ሰዎች ኮሮና ይዘዋል እየተባሉ ድንጋይ እንደ ተወረወረባቸው፥ ምራቅ እንደ ተተፋባቸው፥ በእግር እንደ ተባረሩ፥ መኪና እንዳይሳፈሩ እንደ ተከለከሉ የሚገልጽ ነበር። ይህን ስናነብ ማፈር ይገባናል፤ ካፈርን በኋላ ግን ማሰብ ይገባናል። ይህ ጸሐፊ በዚያን ጊዜ በውጭ አገር ተማሪ ነበርና የራሱ ጎረቤት ወንበር በከተማ ባቡር ላይ ባዶውን ሲሄድ አይቷል፤ ስለዚህ ነገሩ የኢትዮጵያውያን ጠባይ ብቻ ነው ለማለት አይደፍርም።

እዚህ ላይ የሚዛኑ ጉድለት ይገለጣል። በዚያች ሳምንት በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ቆመን የነዋሪውን «የመክፈል ፈቃድ» ብንለካ ትልቅ ቍጥር ባገኘን ነበር። ድንጋይ የሚወረውረው ጎረምሳም በራሱ መንገድ ፈቃዱን ገልጿል፤ ባዕዱ እንዲርቅለት ጊዜውን፥ ጉልበቱን፥ የሰውነቱን ክብር ከፍሏል። ስሌቱ ይህንን ከጥንቁቅ ዜጋ ፈቃድ የሚለይበት መንገድ የለውም። ፍርሃት ሲበዛ ዋጋው ይወጣል፤ ዋጋው ሲወጣ የኅብረተሰብ ወጪው በዛ ይባላል፤ ወጪው በዛ ሲባል ባዕዱን ማራቅ ለሕዝብ የሚጠቅም ሥራ ሆኖ በመጽሔት ላይ ይጻፋል። አራቱ መምህራን ይህን አላሉም፥ አላሰቡምም፤ ግን ሚዛናቸው ወደዚህ ሊወስድ ይችላልና ነገሩን ሳንናገር ማለፍ አይገባንም።

ደግሞስ ወጪውን የከፈለው ማን ነበር? ከመጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በተመደበለት ሆቴል በራሱ ወጪ 14 ቀን ተለይቶ እንዲቀመጥ ታዘዘ። ይህ ከጥናቱ አሳብ ጋራ ፊት ለፊት የሚጋጭ ነው፤ በጥናቱ ነዋሪው ይከፍላል፥ በእኛ ዘንድ ግን እንግዳው እንዲከፍል ተደረገ። ወዲያው ግን ለሆቴል የሚከፍለው የሌለው እንግዳ መጣ፤ ከሳዑዲ ዓረቢያ የተባረሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በሺህ እየተቈጠሩ በመድረሳቸው የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ተከፈቱላቸው። እነዚህን ምን እንበላቸው? ነዋሪ ናቸው፤ እንግዳ ናቸው፤ በአውሮፕላን የመጡ ናቸው፤ ቱሪስት ግን አይደሉም። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ነበሩ፤ ወደ መንደራቸው ሲገቡ የጠበቃቸው ዓይን በአዲስ አበባ ፈረንጁን ከጠበቀው ዓይን የማይለይ ሆኖ የተገኘበት ቦታ ነበር።

በአማራ ክልልም መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር፥ እንጅባራ፥ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ለ14 ቀን ከመግባትና ከመውጣት ተዘጉ። አንባቢው ካርታውን ቢመለከት አራቱም ከተሞች በአማኑኤል የሚያልፈው አውራ መንገድ ወደ ላይ በሚቀጥልበት መስመር ላይ መሆናቸውን ያያል። መንገድ ከላይ ሲዘጋ ከታች ያለው ከተማ ይደርቃል። ከስምንት ቀን በኋላ፥ መጋቢት 30 ቀን፥ በመላው አገር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፥ የሕዝብ ማመላለሻ መኪናም ከሚይዘው ሰው እኵሌታውን ብቻ እንዲጭን ተደነገገ። እንግዲህ በአውራ መንገድ ዳር ምግብ ለምታበስል ሴት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ለማወቅ ስሌት አያስፈልግም። ድስቷን የሚያወጣው መንገደኛ ነው፤ የምትፈራውም ያንኑ መንገደኛ ነው። ጠያቂው መጥቶ «መንገደኛው እንዳይመጣ ስንት ትከፍያለሽ?» ቢላት፥ ሳትጠየቅ እየከፈለች መሆኗን ትነግረው ነበር፤ የዕለት ገቢዋን ሁሉ። በሆንግ ኮንግ ያለው ነዋሪና ጎብኚውን የሚያስተናግደው ነጋዴ ሁለት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአማኑኤል ግን አንድ ሰው ናቸው። ጥናቱ የሚቆመው ሁለቱ ሲለያዩ ነውና መሠረቱ በዚህ ይናጋል።

ስለ አጠያየቁም ጥቂት እንናገር። ዋጋ ተጠርቶ፥ እምቢ ሲባል ዝቅ፥ እሺ ሲባል ከፍ እየተደረገ እስከ ሦስት ጊዜ የሚሄደው አነጋገር በእኛ አገር የታወቀ ነው፤ ስሙም የገበያ ክርክር ነው። በገበያ ደግሞ በመጀመሪያው ጥሪ እውነተኛ አሳቡን የሚናገር ሞኝ ነው። ስለዚህ ተጠያቂው በሦስተኛው ጥያቄ ላይ የሚሰጠው መልስ የልቡን ዋጋ ሳይሆን የተከራካሪነቱን ብልኀት ይገልጻል። ከዚህም በላይ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ «ይህን ያህል ብር ትሰጣለህ ወይ?» የሚል ሰው ለባላገሩ አዲስ አይደለም፤ የመዋጮ ሰብሳቢ ነው። ለመዋጮ ሰብሳቢ የሚሰጠው መልስ በትሕትና የተሸፈነ ነው፤ «እንደ አገሩ»፥ «መንግሥት ያውቃል»፥ «ሌላው ከሰጠ» ይላል። ይህ እሺታ አይደለም፥ እምቢታም አይደለም። ሰም ለበስ ንግግር በተወለደበት በቅኔው አገር ላይ አዎን ወይም አይደለም ብቻ የሚቀበል መጠይቅ ይዞ መሄድ ውሃን በወንፊት እንደ መቅዳት ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉን አፍርሶ መሄድ የሃያሲ ተግባር አይደለም። በአገራችን ከዚህ የተሻለ መንገድ ያሳዩ ሰዎች ከነበሩ ቆይቷል። ስዋሎውና ውድያለው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1994 ባሳተሙት ጥናት በግቤ ሸለቆ የገንዲ በሽታን የሚያመጣውን ዝንብ ለማጥፋት ገበሬው ምን ያህል እንደሚያዋጣ ሲጠይቁ፥ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ጉልበትንም ጠይቀዋል። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ትልቅ ነገር ነው። ደቦና ወንፈል በሚታወቅበት አገር ሰው የሚያስበው በቀን ሥራ ነው፤ ብር የሌለው ሰው የሚሰጠው የሥራ ቀን አለው፥ የሚሰጠውን ቀን ሲናገርም አይከራከርም፥ ምክንያቱም ቀኑን ያውቀዋል። በወረርሽኝ ጊዜም በየቦታው የታየው ይህ ነው። በደጃፍ የእጅ ማስታጠቢያ ያኖረው፥ ውሃውን የቀዳው፥ ለታማሚ ቤት እህል ያደረሰው፥ ለቅሶው እንዲያጥር የመከረው ዕድርተኛው ነበር። ይህ ሁሉ ወጪ ነው፤ በብር ግን አልተቈጠረም።

ከዚያም በላይ በብርም በቀን ሥራም የማይቈጠር ወጪ አለ። ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. የዋለው የትንሣኤ በዓል ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ርቆ በየቤቱ የዋለበት ነበር። የማኅበር ጽዋ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር ነው፤ ካልዞረ ማኅበር አይባልም። ሟች ያለ አልቃሽ ሲቀበር ቤተሰቡ ያን ዕዳ ለዓመታት ይሸከመዋል። አንድ የአማኑኤል ሽማግሌ «ወረርሽኙ ምን አስከፈላችሁ?» ቢባል በመጀመሪያ የሚያነሣው ይህን ይመስለናል። የቻይናው ጥናት ስለዚህ ምንም አይናገርም፤ ምክንያቱም በመጠይቁ ላይ ወጪው የሚመጣው ከውጭ ነው፤ እዚህ ግን ከባዱ ወጪ ከውስጥ ነው፥ ጎረቤት ለጎረቤት እንግዳ የሆነበት ነው።

ስለ ነዋሪዎች አሳብ የሚጽፉ ሁሉ የሚጠቅሱት ሌላ ሰው አለ፤ ጆርጅ ዶክሲ ይባላል። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1975 ከባርቤዶስና በካናዳ ካለችው ናያግራ ኦን ዘ ሌክ ካያቸው ነገሮች ተነሥቶ፥ ነዋሪው ለጎብኚ ያለው ስሜት ከደስታ ወደ ግዴለሽነት፥ ከግዴለሽነት ወደ መሰልቸት፥ ከመሰልቸት ወደ ጠላትነት በደረጃ ይወርዳል ብሏል። ይህን ስናነብ ፈገግ አልን፤ የእንግዳን ክብር በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ብር፥ በሦስተኛው መዳብ እያለ የሚያወርደውን የአገራችንን ተረት ዶክሲ ያልሰማው መሆኑ ነው። ነገር ግን ተረቱ ከዶክሲ በአንድ ነገር ይበልጣል፤ ተረቱ የሚቈጥረው የአንዱን እንግዳ ቀን ነው እንጂ የእንግዶችን ብዛት አይደለም። ነገ ሌላ እንግዳ ሲመጣ ቍጥሩ እንደ ገና ከወርቅ ይጀምራል። ዶክሲ ግን ነዋሪው አንዴ ከወረደ የሚመለስበትን መንገድ አላበጀለትም። በወረርሽኙ ጊዜ ያየነው መውረድ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሆነ ነው፤ በሽታው ሲለመድ ደግሞ ብዙ ቦታ ያለ ምንም ጉባኤና ትምህርት ተመልሷል። በየትኛውም የደረጃ ሠንጠረዥ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈም።

የመጥፋትን ወጪ ለማወቅ ደግሞ ላሊበላን ማየት ይበቃል። ከአሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ፥ አስጎብኚው፥ በቅሎ አከራዩ፥ ባለ ማደሪያው፥ ሻማ ሻጩ፥ በ2012 ዓ.ም. እንግዳው በድንገት ሲቀር ያጣውን ገና ሳያገኝ በ2013 ዓ.ም. ጦርነት ደረሰበት፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ጎጃምን ጭምር ያዘ። ለእነዚህ ሰዎች «እንግዳው እንዳይመጣባችሁ ስንት ትከፍላላችሁ?» ማለት ስድብ ነው። ጥያቄው ተገልብጦ «እንግዳው እንዲመለስላችሁ የቱን ያህል አደጋ ትቀበላላችሁ?» ሊባል ይገባል፤ ይህን ደግሞ ለተራበ ሰው ማቅረብ ራሱ የሚያስነውር ጥያቄ እንደ ሆነ ጠያቂው ይወቅ። ችግረኛ አደጋን በርካሽ ይሸጣል፤ በርካሽ መሸጡ አደጋው ትንሽ መሆኑን አያስረዳም።

በአገራችን የወረርሽኝ ትዝታ አዲስ አይደለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ፥ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር አሳምሞ የተዋቸው፥ ከዓለም ጦርነት ጋራ በዓለም ሁሉ የዞረው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነበር ማለት ነው። ሪቻርድ ፓንክኸርስት ታሪኩን ጽፎታል። ሕዝቡ ከዚያ መከራ ያስቀረው ልማድ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን ሰብስቦ በየደጁ ማጠን ነው። በዚህ ልማድ ላይ የሚገርመን ነገር አለ፤ ጭሱ የሚጤሰው በራስ ደጃፍ ላይ ነው፤ የሚቃጠለው የራስ ጉድፍ ነው። በሽታው በባቡር ይምጣ በመርከብ፥ ልማዱ የባዕድን ስም አይጠራም፥ ባዕድን አያባርርም። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ መንገድ ላይ «ኮሮና» እየተባለ የተባረረው ሰው ይህን ልማድ ባያውቅም፥ ያባረሩት ልጆች ግን በየዓመቱ ኅዳር 12 ጭሱን ሲያጤሱ ያደጉ ናቸው። ይህ እንዴት ሆነ? ለኢትኖሎጂ ተማሪ የሚገባው ጥያቄ እንዲህ ያለው ነው፤ መልሱም በሦስት የዋጋ ጥሪ አይገኝም።

የሰው ልማድ ተመራማሪዎች ወደዚህ ነገር የገቡት ዘግይተው ነው፤ ቫሌን ስሚዝ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ስለ አስተናጋጆችና ስለ እንግዶች የልዩ ልዩ ጸሐፊዎችን ሥራ ሰብስባ እስካሳተመች ድረስ ቱሪዝም ለኢኮኖሚስቶች የተተወ ነበር ማለት ይቻላል። በእኛ አገር ዛሬም ሊተው አይገባም። በአማኑኤል ጥናት ማድረግ የሚሻ ሰው መጠይቁን ከማተሙ በፊት በአንድ የገበያ ቀን ማታ ከተማውን ቢዞር ይሻላል፤ ከመሸ በኋላ በከተማው ያደረው መንገደኛ ስንት ነው? ከእነርሱ በአልጋ ቤት ከፍሎ ያደረው፥ በዘመድ ቤት ያደረው፥ በመኪናው ውስጥ ያደረው፥ በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ያደረው ስንት ስንት ነው? ባለቤቱ ስሙን ጠይቆታል ወይስ አልጠየቀውም? እራት አብሮት በልቷል ወይስ ለይቶ ሰጥቶታል? በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ የትኛውን ያሳድር ነበር፥ የትኛውን በደጅ ይመልስ ነበር፥ የመለሰውን ሰው እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል ወይ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በዝግታ፥ በቡና ላይ፥ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ይጠየቅ፤ ወረቀቱና እርሳሱም በዚያ ጊዜ ኪስ ውስጥ ይቆዩ።